መስታወት ትንፋሽ አይለካም፦ ስለ አካል ብቃት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር የከረመ፣ ስለ አካል ብቃት የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ቋንቋው ይጥማል። ዓላማውም ክፉ አይደለም፤ ወንበር ላይ ተጣብቆ የሚውለውን ሰው ተነሥ ነው የሚለው። ተነሥ ማለቱን ማንም አይቃወምም። ጥያቄው ካስነሣው በኋላ ወዴት ይልከዋል የሚለው ነው።

ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው ብቁ ሰው ሲታይ ያስታውቃል ይላል፤ ሸንቃጣ ከሆነና ቦርጭ ከሌለው አለቀ። ላብ የቀለጠ ስብ ስለሆነ ጃኬት ደርቦ ወይም ወገብን በፌስታል ጠቅልሎ መሮጥ ውጤቱን ያፋጥናል። ቦርጭ በየቀኑ 100 ሲት አፕ የተሠራ እንደሆነ ይጠፋል። ኢትዮጵያዊ በደጋ አየር ያደገ የሯጭ ዘር ስለሆነ ብቃት በደሙ አለ። ክብደት ማንሣት የጎረምሳ ነገር ነው፤ ሴትን ወንዳወንድ ያደርጋል፣ ትልቅ ሰውን ይሰብራል። በማግሥቱ ያላመመ ስፖርት ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ማሳረጊያው ይህን ሁሉ ያጨቀ የ30 ቀን ፕሮግራም ነው፤ በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ እናት ነው፤ እሱ ላይ ልቆይ። ብቃት የሚለው ቃል «በቃ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፣ «በቃ» ደግሞ ሁልጊዜ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። አሥር እንጀራ ለአራት ሰው ይበቃል፤ ለሠርግ አይበቃም። ሰውነትም ለሆነ ሥራ ነው የሚበቃው ወይም የማይበቃው። ካስፐርሰን፣ ፓወልና ክሪስተንሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1985 ባሳተሙትና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ በሚጠቀሙበት ጽሑፍ እንቅስቃሴን፣ ስፖርትንና ብቃትን ለያይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የምንሠራቸው ናቸው፤ ብቃት ግን የሚኖረን ነገር ነው። የዕለት ሥራን ሳይዝሉ መሥራት፣ ከዚያም ለመዝናናትና ለድንገተኛ ነገር የሚተርፍ አቅም መያዝ ማለት ነው። ከጤና ጋር የተያያዙት ክፍሎቹ አምስት ናቸው፦ የልብና የሳንባ ጽናት፣ የጡንቻ ጉልበት፣ የጡንቻ ጽናት (ጉልበቱን ደጋግሞ ማውጣት)፣ የመተጣጠፍ ችሎታና በሰውነት ውስጥ ያለው የስብ ድርሻ። መስታወት ከአምስቱ የሚያሳየው የመጨረሻውን ነው፣ እሱንም በከፊል።

ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ ነገሩ ይታያል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ግድግዳ የሚደገፍ ሸንቃጣ ወጣት አለ፤ ሞላ ያለች ጎረቤቱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ደርሳ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ቁልፍ ትፈልጋለች። በጽሑፉ መለኪያ ብቁው እሱ ነው።

ከዚህ የጠነከረ ማስረጃም አለ። ጄረሚ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አጥንተው በ1953 ውጤቱን አሳተሙ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ በፈረቃው 600 ያህል ደረጃ ይወጣል። የልብ ሕመም በቆራጮቹ ላይ ከሹፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። «ሹፌሮቹ ወፍራም ስለሆኑ ነው» የሚል መከራከሪያ ሲመጣ ከሠራተኞቹ የደንብ ልብስ መዝገብ የሱሪ ወገብ ልኬት ተወሰደ። ሹፌሮቹ በእርግጥ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን ቀጭን ከቀጭን፣ ወፍራም ከወፍራም ሲነጻጸርም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚቀመጥ ቀጭን ሰው በቅጥነቱ አልዳነም ማለት ነው።

ጸሐፊው ግን ስለ ቦርጭ መጨነቁ ትክክል ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። የሚለካው ግን በዓይን ሳይሆን በሜትር ነው፤ ሜትሩ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ በተፈጥሮ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ሆድ ሳይሳብ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሲያልፍ አደጋው ጨምሯል፣ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ በጣም ጨምሯል ይላል። ቁጥር መያዝ የሚከብደው ሰው ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ እንዳይበልጥ ይጠንቀቅ።

ትንፋሽን ለመለካትም መሣሪያ አያስፈልግም። ኬኔት ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1968 ያስተዋወቀው ፈተና 12 ደቂቃ በተቻለ መጠን ሮጦ የተሸፈነውን ሜትር መቁጠር ነው። ከሜትሩ 504.9 ቀንሶ ለ44.73 ማካፈል፤ የሚገኘው ሰውነት በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ሊጠቀም የሚችለው የኦክስጅን መጠን በሚሊ ሊትር ግምት ነው። 2,000 ሜትር የሮጠ 33 አካባቢ ያገኛል፤ 2,400 የሮጠ 42። አንድ ጥንቃቄ፦ ውጤቱ የሚነጻጸርባቸው ሰንጠረዦች የተሠሩት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላሉ ሰዎች ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የተሮጠ ርቀት ከሰንጠረዡ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። ይህ ፈተና ለጀማሪ፣ ለልብና ለግፊት ሕመምተኛ አይሆንም። ለእነሱ ደረጃ ይሻላል። የስፔን የልብ ሐኪሞች በ2020 ባቀረቡት ጥናት 60 ደረጃ (አራት ፎቅ ያህል) ሳይሮጡና ሳያርፉ ለመውጣት ከ1 ደቂቃ ተኩል በላይ የሚፈጅበት ሰው የልቡ አቅም ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ደረት የሚያመው ሰው ግን በደረጃም ቢሆን ራሱን አይፈትን፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ወደ ላቡ እንለፍ። ላብ ውሃና ጨው ነው፤ ሥራው ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ መሄድ ነው። ፌስታሉ የሚያግደው ይህንኑ መትነን ነው፤ ላቡ ይፈስሳል፣ ሰውነቱ ግን አይቀዘቅዝም። ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው። ሩጫ ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ወደ 700 ካሎሪ ያወጣል ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ያ ሁሉ ጉልበት ከስብ ብቻ ቢመጣ እንኳ የተቃጠለው 90 ግራም ነው። ሚዛኑ 1 ኪሎ ተኩል ቀንሷል ካለ የቀረው ውሃ ነው፤ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ሲጠጣ ይመለሳል። ከሩጫ በፊትና በኋላ መመዘን ጥቅም አለው፣ ግን ለሌላ ነገር፦ የጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ በላብ የወጣ ውሃ መሆኑን ለማወቅ።

ነገሩ የሒሳብ ስሕተት ብቻ ቢሆን በዝምታ ይታለፍ ነበር። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ስፖርተኞች የክብደት ምድባቸውን ለማሟላት ላብ የሚያመነጭ ልብስ ለብሰው በሙቀት ውስጥ ሲሠሩ በሳምንታት ውስጥ ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ ልብሱ በኮሌጅ ውድድር ታገደ። ወጣቶችና የሠለጠኑ ነበሩ። ይህንን ምክር ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ዱባይ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው እንዳለ ጸሐፊው ያሰበ አይመስልም። በሩጫ መሐል ራስ ከዞረ፣ ንግግር ከተንተባተበ ወይም አቅጣጫ ከጠፋ ማቆም፣ ጥላ ውስጥ ገብቶ ልብስ አውልቆ ሰውነትን በውሃ ማቀዝቀዝና ሕክምና መጥራት ነው።

ስለ 100 ሲት አፕ ብዙ አልልም። ጡንቻ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አይበላም፤ ስብ ከመላ ሰውነት ተወጣጥቶ በደም በኩል ነው የሚመጣው። በ1971 የታተመ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች አነጻጽሯል። ራኬት የሚይዘው ክንድ ጡንቻው በግልጽ ይበልጣል፤ ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን በሁለቱም ያው ነው። ዓመታት የፈጀ የአንድ ክንድ ልምምድ ካልለየው አንድ ወር ሲት አፕ አይለየውም። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ድካም ሲመጣ ሰው አንገቱን በእጁ መጎተት ይጀምራል፤ ያኔ ሥራው ከሆድ ወደ አንገትና ወደ ዳሌ ይሸሻል።

«ብቃት በደማችን አለ» የሚለው ላይ ጸሐፊው ባዶ እጁን አልመጣም። የደጋ ኢትዮጵያውያን ደም በእርግጥ ተጠንቷል፤ በ2002 በወጣ ጥናት 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) እና በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ካሉ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ያስደንቃል። ግን ያ ከፍታን መቋቋም ነው እንጂ ብቃት አይደለም። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡባት በቆጂ ውስጥ ያንኑ አየር እየተነፈሰ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ የሚውል ብዙ ሰው አለ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ያለከልካል። ታላላቅ ሯጮቻችን ላይ የተሠራው ጥናት ያሳየውም ከሌላው ኢትዮጵያዊ ይልቅ በልጅነታቸው ረጅም መንገድ፣ ያውም በሩጫ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባው በደም አይደለም። ጫማ አላደረገም እንጂ ልምምዱን በደንብ ሠርቶ ነበር።

ብቃት ምን ያህል ቶሎ እንደሚሄድ ደግሞ ዳላስ ላይ በ1966 ታይቷል። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይነሡ ቆዩ፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው ሲለኳቸው፣ ሦስቱ ሳምንት ያደረሰባቸው ጉዳት የ30 ዓመት እርጅና ካደረሰባቸው የባሰ ሆኖ ተገኘ። የወጣትነት ኳስ ተጫዋችነቱን በትዝታ የሚተርክ ሰው ትዝታው እንጂ ልቡ ያንን አያስታውስም።

ለዘር ክርክሩ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጡት ግን በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ቤተ እስራኤላውያን ከገጠር ሲመጡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጥቂት ዓመታት በከተማ ኖረው፣ በአውቶቡስ ሄደው፣ የተፈተገ ዱቄትና ስኳር በልተው ሲመረመሩ፣ ገና ወፍራም ሳይባሉ፣ በወጣትነታቸው በሽታው በዝቶባቸው ተገኘ። ደማቸው አልተቀየረም፤ የተቀየረው መንገዱና ማዕዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ ቢሮ ሄዶ በታክሲ የሚመለስ የገበሬ ልጅም ሳይሰደድ ያንኑ ጉዞ ተጉዟል።

ክብደት ማንሣትን በሚመለከት ጽሑፉ ከሁሉም በላይ የተሳሳተው፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም እዚህ ነው። ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ የማይሠራ ሰው በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያጣል፤ ከ60 በኋላ ይብሳል። ስለዚህ ክብደት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእናትና ለአባት እንጂ ለጎረምሳው አይደለም። በ1990 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ፣ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆነ አሥር ደካማ ሰዎች በእግራቸው ክብደት የማንሣት ልምምድ ለ8 ሳምንት እንዲሠሩ ተደረገ። ዘጠኙ ጨረሱ፤ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። አልተሰበሩም። በ2015 የታተመውና በ17 አገሮች ወደ 140,000 ሰው የተከታተለው ጥናት ደግሞ የእጅ ጭብጥ ጉልበት በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር የመሞት ዕድል በ16 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ደካማ ጭብጥ ራሱ ገዳይ ነው ማለት አይደለም፤ ስለ መላው ሰውነት የሚናገር ምልክት ነው።

ሴትን ወንዳወንድ ያደርጋል የሚባለውም ሆርሞንን መርሳት ነው። ጡንቻን የሚያገዝፈው ቴስቶስትሮን በሴት ደም ውስጥ ከወንዱ ከ10 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። እናቶቻችን እንስራና የማገዶ ሸክም ሲያነሡ ወንዳወንድ የሚላቸው አልነበረም። የወር አበባዋ የቆመ ሴት አጥንቷ በፍጥነት ስለሚሳሳ ሸክም ያለበት ልምምድ ለእሷ መድኃኒት ያህል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ መለካት። 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ እንደሚቻል መቁጠር። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ14 በታች ከሆነ፣ ከ70 እስከ 74 ደግሞ ከ10 እና ከ12 በታች ከሆነ እግር ደክሟል፣ የመውደቅ አደጋ አለ። መድኃኒቱም ያው ወንበር ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ 48 ሰዓት ያህል አርፎ፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር። ሲነሡ ትንፋሽ ማውጣት፣ ሲቀመጡ ቀስ ብሎ እስከ ሦስት መቁጠር። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ያንራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ «ገና አራት እችላለሁ» የሚል ሰው ውሃ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ደረቱ ላይ ይያዝ፤ ቀጥሎ በመጽሐፍ የተሞላ የጀርባ ቦርሳ። ለላይኛው አካል ፑሽ አፕ ግድግዳ ላይ ተጀምሮ ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ወለል ይወርዳል። ዕድሜው 65 ለሞላው በሳምንት ሦስት ቀን የሚዛን መጠበቂያ ልምምድ ይጨመራል፤ ማድ ቤት ውስጥ አንድ እጅ ጠረጴዛ አጠገብ አድርጎ በአንድ እግር 10 ሴኮንድ መቆም ይበቃል።

ስለ ሕመሙ ደግሞ ስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለን ሰው ቅዳሜ ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ማየት ነው። የደረጃውን ብረት ጨብጦ፣ በጎኑ፣ አንድ በአንድ። በአንድ ቀን ብቁ ሆኖ ነው? ጡንቻው ያልለመደውን ነገር፣ በተለይ እየተሳበ የሚሠራውን (ቁልቁል መውረድን፣ መጎንበስን) ስለሠራ ነው። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይብሳል፤ ያው ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ቢደገም ግን ብዙም አያምም። ሕመምን የልምምድ መለኪያ ያደረገ ሰው ሰውነቱ በተሻሻለ ቁጥር ምንም እየሠራሁ አይደለም ብሎ ራሱን መቅጣት ይጀምራል። ቀላል የጡንቻ ሕመም ጤና ነው፤ የመገጣጠሚያ ውጋት፣ እብጠት፣ በአንድ ጎን ብቻ ያለ ሕመም ግን ጤና አይደለም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ የተሰባበረ ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የ30 ቀኑ ፕሮግራም አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ የእግር ጉዞ። መሣሪያና የፕሮቲን ዱቄት አያስፈልግም ማለቱም ልክ ነው። በየቀኑ 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር ግን ከሕክምና የመጣ አይደለም፤ በ1965፣ አበበ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈ በዓመቱ፣ በጃፓን ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነበር። በ2019 የወጣ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆኑ ወደ 17,000 የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ከ2,700 ወደ 4,400 እርምጃ መሄድ ብቻውን ከዝቅተኛ የሞት መጠን ጋር እንደሚያያዝ፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ላይ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይቷል። 10,000 መሄድ የሚችል ይሂድ፤ 5,000 የሄደ ግን አልተሸነፈም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ፣ ከሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ጋር ይላል። መካከለኛ ማለት ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ለጀማሪ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከእነሱ በሁለቱ ላይ የወንበሩና የፑሽ አፑ ሥራ፤ የቀሩት ሁለት ቀናት ዕረፍት ናቸው፣ ጡንቻ የሚጠገነው ያኔ ነውና።

ከመጀመር በፊት አራት ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ የወገብ ልኬት፣ 60 ደረጃ የፈጀው ሴኮንድ፣ በ30 ሴኮንድ ከወንበር የተነሡት ብዛት፣ እና ደረጃው ላይ እንደቆሙና ከ1 ደቂቃ በኋላ የተቆጠረው የልብ ምት ልዩነት። ልብን ጠበቅ አድርጎ ካሠሩ በኋላ ምቱ በዚያ አንድ ደቂቃ ውስጥ ከ12 በላይ ሲወርድ ጥሩ ነው፤ ደጋግሞ ከዚያ ካነሰ ግን ሐኪም ይየው። ከ6 ሳምንት በኋላ በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ሰዓት፣ ቡና ሳይጠጡ ይደገም። ፎቶ መነሣት የሚፈልግም ይነሣ፤ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ያስቀምጠው።